ዛንዚባር 4 ሌሊት ከጓደኞች ጋር፦ ባሕሩ ጠፋብን

የጉርድሾላዋ
ሰላም ለሁላችሁ። ሰኔ ላይ እዚሁ መወያያ ላይ «ዛንዚባር ሄዶ የሚያውቅ አለ?» ብዬ ጠይቄ ነበር። መልስ የሰጠኝ አንድ ሰው ብቻ ነው፤ እሱም «ሂጂና ንገሪን» አለኝ። ይኸው ሄጄ መጣሁ።

አምስት ነን። ከዩኒቨርሲቲ ጀምሮ ያልተላቀቅን፣ ሦስት ሴት ሁለት ወንድ። ስድስት ዓመት ሙሉ «አንድ ቀን አብረን እንወጣለን» ስንል ከርመን፣ አንዷ ከገና በፊት ልታገባ ስለሆነ በቃ አሁን ካልሆነ መቼም አይሆንም ተባባልን። ነሐሴ 30፣ 2017 ሄደን ጳጉሜ 4 ተመለስን። ከቦሌ ሦስት ሰዓት ገደማ ነው፤ አንድ ፊልም አይተሽ ሁለተኛውን ሳትጨርሺ ታርፊያለሽ።

ያረፍነው በደሴቱ ምሥራቅ በኩል ፓጄ የምትባል መንደር ነው። ከአየር ማረፊያው በታክሲ አንድ ሰዓት ገደማ። ስንደርስ ወደ አሥር ሰዓት ነበር፤ ውሃው ከማረፊያችን አጥር ሥር ድረስ ሞልቶ፣ ቀለሙ ደግሞ ምን ብዬ ልንገራችሁ፣ ሰው የቀባው ነው የሚመስለው። ሻንጣ እንኳ ሳንፈታ ገባን። ሙቅ ነው። የላንጋኖ ልጅ ለሆነ ሰው ጨዉ ዓይን ላይ ሲገባ ብቻ ነው ባሕር መሆኑ ትዝ የሚለው።

በማግስቱ ቁርስ በልተን፣ ቅባት ተቀባብተን፣ ፎጣ ትከሻችን ላይ ጥለን ሦስት ሰዓት ተኩል ላይ ወጣን። ባሕሩ የለም።

እየቀለድኩ አይደለም። የለም! ትናንት የዋኘንበት ቦታ ነጭ ደረቅ አሸዋ ሆኗል። ጀልባዎቹ በጎናቸው ተኝተዋል። ውሃው በጣም ሩቅ፣ ነጭ መስመር መስሎ ይታያል። ኢንጂነሩ ጓደኛችን ቆሞ ቆሞ «አፈሰሱት እንዴ?» አለ። ሴቶች እንጨትና ገመድ ይዘው አሸዋው ላይ በሰልፍ ወደ ውስጥ ይሄዳሉ። እኛ ፎጣችንን ይዘን እንደ ቀረ ሰርገኛ ቆመናል። የከፈልነው ለባሕር ነበር።

ሌላውን ቀስ ብዬ እጽፋለሁ፤ አሁን ሥራ ላይ ነኝ። ጥያቄ ካላችሁ ጣሉ።

የአዳማው
ሃሃሃ «አፈሰሱት እንዴ»። ዋናውን ንገሪን እንጂ፣ ስንት ወጣ?

የጉርድሾላዋ
ትኬትና ማረፊያ እያንዳንዳችን ቀድመን ከፍለናል፤ ትኬቱ እንደምትቆርጡበት ጊዜ ስለሚለያይ የኔን ብነግራችሁ አይጠቅማችሁም። ለምግብ፣ ለታክሲ፣ ለጀልባ ግን በነፍስ ወከፍ 200 ዶላር አዋጥተን አንዷ ጋ አስቀመጥን። 1,000 ዶላር፣ አምስት ሰው፣ አራት ሌሊት። 60 ዶላር ተርፎ ተመልሷል። ባንክ የምትሠራው ጓደኛችን ነበረች ገንዘብ ያዧ፤ እንደ ዕቁብ ዳኛ በደብተር ትጽፍ ነበር። ሰው ሁሉ በየጊዜው ኪሱን እየዳበሰ «የኔ ስንት ደረሰ?» ከማለት ይሄ ይሻላል። ችግር አልነበረውም ግን አልልም፤ እመለስበታለሁ።

ከዚህ ውጪ ሁለት ነገር አትርሱ። የቢጫ ወባ ካርድ ከአዲስ አበባ ስትመጡ ይጠየቃል። ሌላው በፈረንጅ ከጥቅምት 2024 ወዲህ ለዛንዚባር ብቻ የሚሆን የግዴታ ኢንሹራንስ አለ፣ 44 ዶላር። እቤታችሁ ሆናችሁ በኢንተርኔት ክፈሉት፤ እዚያ ደርሰን እንከፍላለን ብለው የተሰለፉትን አይቻቸዋለሁ፣ አሳዝነውኛል።

ዶላር ስትይዙ ደግሞ አዲስ አዲሱን። የአንዱ ጓደኛችን አክስት ከአሜሪካ የላኩለትን፣ ያቺን የሰውዬው ጭንቅላት ትንሽ የሆነችበትን የድሮ መቶ ዶላር ይዞ ነበር። ሦስት ቦታ ሞከረ፣ ሦስቱም መለሱለት። በሰላም ሄዳ በሰላም ተመለሰች።

ከዳሬሰላም
እህቴ፣ ስቄ ሞትኩ። እዚህ ዘጠኝ ዓመቴ ነው፤ ከአዲስ አበባ የመጣ እንግዳ ሁሉ ፓጄ ላይ የሚለው ይህንኑ ነው። እኛ ሐይቅ እንጂ ባሕር አናውቅማ፤ ሐይቅ ደግሞ ቦታውን ለቆ አይሄድም።

ነገሩ እንዲህ ነው። ባሕሩ በቀን ሁለት ጊዜ ይሞላል፣ ሁለት ጊዜ ይጎድላል፤ ጨረቃ ናት የምትስበው። ሰዓቱ በየቀኑ ወደ 50 ደቂቃ ገደማ ወደፊት ይገፋል። ጨረቃ ሙሉ ስትሆንና ስትጠፋ ደግሞ ልዩነቱ ይብሳል፤ ዛንዚባር ላይ እስከ 4 ሜትር ይደርሳል። እናንተ የሄዳችሁት ልክ ሙሉ ጨረቃዋ ላይ ነው፤ ይበልጥ ሊሸሽ የሚችልበትን ሰሞን መርጣችኋል ማለት ነው!

በምሥራቅ በኩል፣ ፓጄ፣ ጃምቢያኒ፣ ብዌጁ፣ መሬቱ እስከ ኮራሉ፣ ባሕር ውስጥ ያለው ድንጋያማ አጥር፣ ድረስ ጠፍጣፋ ስለሆነ ውሃው ትንሽ ሲወርድ ብዙ ይርቃል። ሰሜን ላይ ኑንግዊና ኬንድዋ ግን መሬቱ ቶሎ ስለሚጠልቅ ብዙ አይሸሽም፤ ቀኑን ሙሉ መዋኘት ትችላላችሁ። ስለዚህ ሰው «ዛንዚባር የት ልረፍ?» ሲለኝ መጀመሪያ የምጠይቀው ዋና ትወዳለህ ወይስ ጸጥታ ነው።

ሴቶቹ የሚሄዱት ደግሞ ምዋኒ ሊሠሩ ነው። የባሕር አረም ነው። ከውሃ በታች ችካል ተክለው፣ በችካሎቹ መሃል ገመድ ወጥረው፣ አረሙን ገመዱ ላይ ያስሩታል። ሲደርስ ያደርቁትና ወደ ውጭ ይላካል፤ የጥርስ ሳሙናና አይስክሬም ውስጥ ማወፈሪያ ሆኖ ይገባል። ሥራው የተጀመረው በ1980ዎቹ መጨረሻ በፈረንጅ አቆጣጠር ነው፤ ከሞላ ጎደል የሴቶች ነው። አሁን ውሃው እየሞቀ ጥሩ ዋጋ የሚያወጣው ዓይነት እየሞተባቸው ተቸግረዋል። ለአንቺ የጠፋው ባሕር ለነሱ እርሻ ነው።

የጉርድሾላዋ
ይሄን ነሐሴ ላይ ብትነግረኝ ምናለበት ወንድሜ! ግን እውነት ለመናገር በሦስተኛው ቀን ፓጄን ለኑንግዊ አልለውጥም የምል ሆንኩ። ውሃው ሲሸሽ አሸዋው ላይ የሚቀሩት ኩሬዎች ውስጥ ዓሣ፣ ኮከብ የመሰለ ቀይ ነገር፣ ሸርጣን... ሰዓታት ሙሉ እንደ ሕፃን ተቀምጠን አየን።

ዋጋ አስከፍሎናል ግን። ኢንጂነሩ በባዶ እግሩ ነበር። የባሕር ጃርት የሚሉት አለ፤ ጥቁር፣ ኳስ የሚያህል፣ ሁለመናው እሾህ። ረገጠው። ጩኸቱ መንደሩን አስወጣ። ዘጠኝ እሾህ ተረከዙ ውስጥ ተሰብሮ ቀረ፤ በመርፌ ልናወጣ ስንል እሾሁ እንደ ኖራ ይፈርካከሳል። አንድ አሥራ ሁለት ዓመት የማይሞላው ልጅ አየንና ምንም ሳይናገር ሮጠ። ሲመለስ ያልበሰለ አረንጓዴ ፓፓያ ይዟል። በቢላ ሰነጣጠቀውና ከቅርፊቱ የሚንጠባጠበውን ወተት የመሰለ ፈሳሽ እሾሁ ላይ አንድ በአንድ ያንጠባጥብ ጀመር። እግሩን እንደ ሐኪም ጭኑ ላይ አጋድሞ። ማታ ስቃዩ ቀነሰ፣ በማግስቱ አብዛኛው ለቀቀው። ልጁ ገንዘብ ስንሰጠው ሳቀና የፓፓያውን ግማሽ ይዞ ሄደ።

የጎማ ጫማ ይዛችሁ ሂዱ። የውሃ ጫማ። መርካቶ አለ። ሌላውን ምክሬን ብትረሱ ይሄን አትርሱ።

ሀገር በቀል
ይቅርታ ግን በዚህ የዶላር ዘመን ውጭ ሄዶ መዝናናት አይከብድም? አርባ ምንጭ አለ፣ ጣና አለ፣ ገርዓልታ አለ። ሀገራችንን ሳናይ የሰው ደሴት ላይ ፎቶ መነሳት ፋሽን ሆኗል።

የአዳማው
መጣ ደግሞ

የጉርድሾላዋ
ወንድሜ፣ አርባ ምንጭ ሦስት ጊዜ ሄጃለሁ። ጣናን ተወልጄበታለሁ። ሀገሬን ስላየሁ ሌላ ማየት ክልክል ነው? ደግሞ ለራሴ ብር ነው። የተመለስነው ጳጉሜ 4 የህዳሴ ግድብ በተመረቀበት ቀን ነው፤ ሻንጣ እየጠበቅን በስልካችን እያየን አልቅሰናል። ሁለቱም በአንድ ሰው ልብ ውስጥ ይገባል።

ሀገር በቀል
እሺ፣ አልተጣላንም። ፎቶ ግን ለጥፊ።

ሻምበል ጡረታ
ልጆቼ፣ ሰላም። ይህን ሳነብ የድሮው ትዝ አለኝ። እኔ ምጽዋ በባሕር ኃይል አገልግያለሁ። እሑድ እሑድ ጉርጉሱም እየሄድን እንዋኝ ነበር። እዚያ ባሕሩ ይሞላል ይጎድላል፣ ነገር ግን እንዲህ ጠፍቶ አይሄድም፤ ቀይ ባሕር ጠባብ ስለሆነ አንድ ሜትር ቢሆን ነው። የልጅቱ ጓደኛ «አፈሰሱት እንዴ» ማለቱ አስቆኛል፤ ባሕር አይቶ ያደገ ትውልድ ቢሆን ኖሮ ይህን አይልም ነበር። አልወቅሰውም።

የጉርድሾላዋ
ጋሼ፣ እግዜር ይስጥልኝ። እርስዎ ዋና የተማሩት እዚያ ነው?

ሻምበል ጡረታ
አይ ልጄ፣ ዋና የተማርኩት አዋሽ ነው። ምጽዋ የተማርኩት አለመፍራትን ነው። ሙቀቱን ብቻ አትጠይቂኝ።

ጿሚዋ
ሰላም ሰላም። አንዷ ተጓዥ እኔ ነኝ። ይህቺ ሴትዮ «ችግር አልነበረውም አልልም» ብላ ያለፈችውን እኔ ልንገራችሁ፣ ምክንያቱም ችግሩ እኔ ነኝ።

ጳጉሜን እጾማለሁ። ሁሌም። እኔ አልጠጣም፣ ሥጋ አልበላ፣ ዓሣም አልበላ። እነሱ ደግሞ በጋራው ገንዘብ ቢራቸውን፣ ኦክቶፐሳቸውን... በሁለተኛው ቀን ማታ ደብተሩን አየሁት። የኔ እራት ባቄላ በኮኮናት ወተትና ሩዝ ነው፤ የነሱ የኔን አራት እጥፍ። ዝም ብዬ ነበር፤ ገንዘብ ያዧ «ነገም 20 ዶላር እንጨምር» ስትል ግን ፈነዳሁ። ለአንድ ሰዓት ተኩል አልተነጋገርንም፤ በደሴት ላይ ደግሞ የሚሄዱበት የለም። መጨረሻ ላይ መጠጥ ከጋራው ገንዘብ አይከፈል፣ የጠጣ ለራሱ ይክፈል ተባለ። ከመጀመሪያው ቀን እንዲህ አድርጉ። በተረፈ ግን ያ ባቄላ፣ ማሃራጌ ያ ናዚ ይሉታል፣ ከቻፓቲ ጋር፣ ለጾመኛ ሠርግ ነው። ጾም ላይ ዛንዚባር ምን እበላለሁ የምትሉ አትጨነቁ፤ ኮኮናት የማይገባበት ነገር የላቸውም።

ደግሞ 11 ዶላሬን አልረሳሁም።

የጉርድሾላዋ
እንዴት እዚህ መጣሽ አንቺ 😂 11 ዶላሩን በቡና ከፍያለሁ! ሁለት ጊዜ!

ስለሷ እኔም ልንገራችሁ እንግዲህ። ጳጉሜን ጠበል ሳትሄድ ቀርታ አታውቅም፤ በዚህ ዓመት በኛ ምክንያት ቀረች። የሩፋኤል ዕለት፣ ጳጉሜ 3፣ ሀገር ቤት ሰው ሁሉ ዝናቡን ሲጠባበቅ እዚያ ጠብ የሚል የለም፤ የደረቁ ወቅት ነው። ጠዋት አሥራ ሁለት ሰዓት ላይ ነቅቼ በመስኮት ሳይ ነጠላዋን እንደተከናነበች ብቻዋን ውሃው ውስጥ እስከ ወገቧ ገብታለች። ፀሐይ ከባሕሩ ልትወጣ ነው። ሦስቴ ጎንበስ ብላ ጠለቀች። አልጠራኋትም። ፎቶም አላነሳሁም።

ጿሚዋ
አይተሽኝ ነበር?

የጉርድሾላዋ
አዎ

የሻርጃዋ
እኔ ሻርጃ ነው የምሠራው፣ ሰው ቤት። ስድስት ዓመቴ። ባሕሩ ከምሠራበት ቤት በመኪና አሥር ደቂቃ ነው፤ እግሬን የነከርኩት ሁለት ጊዜ ብቻ ነው፣ ሁለቱንም ጊዜ ልጆቹን ይዤ። በዚህ ዓመት ለገና ፈቃድ አለኝ። ሁለት ጓደኞቼ ከአዲስ ይመጣሉ፣ እኔ ከዱባይ በቀጥታ እሄዳለሁ ብለን እያሰብን ነው። ሦስት ሴቶች ብቻችንን እንቸገራለን? አለባበስስ? እኔ ሙስሊም ነኝ፣ ጓደኞቼ ክርስቲያን ናቸው።

የጉርድሾላዋ
የኔ እህት፣ አትቸገሩም። ሕዝቡ ከሞላ ጎደል ሙስሊም ነው፤ አንቺ እንደውም ከኛ ይልቅ ቤትሽ ነው የሚሆነው። ባሕሩ ዳር የፈለጉትን ይለብሳሉ። ከተማ ሲገቡ ግን ትከሻና ጉልበት ይሸፈን፤ ማንም አይቆጣችሁም፣ ግን ነውር ነው። ባሕሩ ዳር «ዘመዴ፣ ጀልባ ላሳይሽ» እያሉ የሚከተሉ ልጆች አሉ፤ ክፉ አይደሉም፣ ያደክማሉ እንጂ። «ሃፓና፣ አሳንቴ» በይና ቀጥይ። የለም፣ አመሰግናለሁ ማለት ነው። ዋጋ ሁሉ ከመሳፈር በፊት ይነገር። ከከተማ ወደየመንደሩ ዳላዳላ አለ፣ የኛው ሚኒባስ ማለት ነው፤ ወደ ኑንግዊ የሚሄደው 116 ነው። ርካሽ ነው፤ ሻንጣ ይዛችሁ ግን አትሞክሩት።

ከዳሬሰላም
እህቴ የሻርጃዋ፣ ቋንቋውም አይጠፋሽም። አረብኛ ከለመድሽ ብዙ ቃሉን ትለዪዋለሽ። ለአማርኛ ተናጋሪም ቢሆን ደቂቃን ዳኪካ፣ ስኳርን ሱካሪ፣ ሳሙናን ሳቡኒ ነው የሚሉት። ዋናው ደስታ ግን ሰዓቱ ነው። ስዋሂሊ የሚቆጥረው እንደኛ ነው! ጠዋት አንድ ሰዓት ሳ ሞጃ፣ ሁለት ሰዓት ሳ ምቢሊ።

የጉርድሾላዋ
ይሄን እንዴት ረሳሁት! ሹፌሩ በእንግሊዝኛ «ኤይት» አለን፣ እኛ በየልባችን ሁለት ሰዓት ብለን ተረጎምነው። ከዚያ እሱ ስልኩን አንስቶ ለወንድሙ «ሳ ምቢሊ» ሲል ሰማነው። እሱ ለኛ ሲል ወደ ፈረንጅ፣ እኛ ከፈረንጅ ወደ ሐበሻ። ስንነግረው መኪናውን አቁሞ ነው የሳቀው። ከዚያ በኋላ በፈረንጅ ሰዓት አላወራንም፤ አልተቀጣጠርንም ብለንም አልተጣላንም።

ታሪክ ወዳድ
ከተማዋን ዝም አልሽ። ስቶን ታውን አልገባችሁም?

የጉርድሾላዋ
የመጨረሻዋን ሌሊት እዚያ ነው ያደርነው። ማታ ፎሮዳኒ የሚባል ባሕር ዳር ያለ መናፈሻ ውስጥ ምግብ ይሸጣል፤ ኡሮጆ የሚሉት ኮምጣጣ ቢጫ ሾርባ አለ፣ ጿሚዋ ሁለት ጎድጓዳ ሳህን ጠጣች። የሸንኮራ አገዳ ጭማቂ ከሎሚና ከዝንጅብል ጋር፣ ነፍስ ነው።

ቀን ላይ የድሮው የባሪያ ገበያ የነበረበት ቦታ ሄድን። አሁን የአንግሊካን ካቴድራል ነው። ግቢው ውስጥ ጉድጓድ ውስጥ የቆሙ አምስት የድንጋይ ሰዎች አሉ፣ አንገታቸው በሰንሰለት የታሰረ። ሰንሰለቱ የእውነት የዚያን ዘመን ነው። ሥር ያለው ክፍል ጣሪያው ዝቅ ያለ ነው፤ ጎንበስ ብለን ገብተን ሁለት ደቂቃ አልቆየንም። ስንወጣ ማንም ቀልድ አልጀመረም።

ታሪክ ወዳድ
ከኛ ጋር የሚያገናኘው አለው። ገበያው በፈረንጅ በ1873 የተዘጋው በሱልጣን ባርጋሽ ጊዜ ነው፣ እንግሊዞች አስጨንቀውት። የባርጋሽ እናት ሐበሻ ነበረች፤ በአባቱ በሱልጣን ሰኢድ ቤት በዕቁባትነት የኖረች። እሷም ራሷ በዚያው መንገድ የሄደች ናት ማለት ነው። ባሕሩ ዳር ያለውን «የድንቆች ቤት» የሚሉትን ትልቅ ሕንፃ በፈረንጅ በ1883 ያሠራው እሱ ነው፤ በታኅሣሥ 2020 በፈረንጅ ከፊሉ ፈርሷል።

የጉርድሾላዋ
እንዴ። ፊት ለፊቱ ቆመን ነው እኮ የሸንኮራ ጭማቂ የጠጣነው። አስጎብኚውም አልነገረን። የባርጋሽን እናት እያሰብኩ ልተኛ ነው እንግዲህ ዛሬ።

አንድ ነገር ጨምሬ ላብቃ። ጳጉሜ 2 ማታ የጨረቃ ግርዶሽ ነበር፤ አዲስ አበባ ደመና ስለነበር ብዙዎቻችሁ አላያችሁም ይሆናል። እኛ ፓጄ አሸዋው ላይ ነበርን። ከሁለት ሰዓት ተኩል ጀምሮ ጨረቃዋ ሙሉ በሙሉ ቀላች፣ የደረቀ በርበሬ መሰለች። ጨለማው ሲበረታ ባሕሩ ደግሞ እየሸሸ ነው፤ ድምፁ ብቻ ከሩቅ ይሰማል። ከመንደሩ መስጊድ የሶላት ድምፅ ይመጣል። ኢንጂነሩ የታመመ እግሩን ሻንጣ ላይ ሰቅሎ ተኝቶ «አሁን ባሕሩም ጨረቃዋም ሄዱብን» አለ። ከገንዘብ ያዧ ጋር የታረቅነው ያኔ ነው፤ መብራት ስላልነበረ ማን መጀመሪያ እጁን እንደዘረጋ አይታወቅም።

ጿሚዋ
እኔ ነኝ።

የሻርጃዋ
ወንድሜ ከዳሬሰላም፣ ለገና ብንሄድ ባሕሩን እናገኘዋለን?

ከዳሬሰላም
በ2018 ሙሉ ጨረቃ ታኅሣሥ 25 ናት፣ ገና 29 ነው። አራት ቀን አልፏታል፤ ስለዚህ ጠዋት በጊዜ ውሃው ሙሉ ነው፣ እኩለ ቀን አለፍ ሲል ይሸሻል። ጠዋት ዋኙ፣ ከሰዓት ኩሬውን እዩ። ወይ ኑንግዊ ሂዱና ሰዓት አትቁጠሩ። ገና ግን ፈረንጁ ሁሉ የሚመጣበት ወቅት ስለሆነ ማረፊያ ከአሁኑ ያዙ።

የሻርጃዋ
ፓጄ ነው የምሄደው። ፓፓያ የያዘውን ልጅ ማየት እፈልጋለሁ 🙂

የሻርጃዋ
ዛሬ ዓርብ ዕረፍቴ ነበር፣ የውሃ ጫማ ገዛሁ። ያላቸው 40 ቁጥር ብቻ ነው፣ የኔ 38 ነው። በካልሲ አደርገዋለሁ።